ያልተመለሰ መርዶ

በእነ ኬታኪ ቤት «ሄድኩ» ብሎ መውጣት ክልክል ነው። ወተት ለመግዛትም ይሁን ባሕር ለመሻገር፣ የሚወጣ ሰው ደፉ ላይ ቆሞ «መጣሁ» ይላል። በአገራቸው ሁሉም ሰው እንዲህ ነው፤ የእነሱ ቤት ግን ይብሳል። ምክንያቱ አባትየው ናቸው። አቶ ዲጋምባር በናግፑር ባቡር ጣቢያ በድምፅ ማጉያ «ባቡሩ እየመጣ ነው» ሲሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ድምፃቸው ግድግዳ ይሰነጥቃል፤ ቤታቸው ጨው ሲያልቅ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። አንድ ቀን የመብራት ቆጣሪ አንባቢው «በሉ እንግዲህ ሄድኩ» ቢላቸው ከመንገድ ጠርተው አስመለሱት።

«መጣሁ በል!»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ የምመጣው ሂሳብ ላስከፍል ነው።»

«ቢሆንም ና! ከዚህ ደጅ ሄድኩ ብሎ የወጣ የለም።»

ሌላም ሥርዓት አላቸው፤ እሱ ደግሞ የቁራ ነው። ቁራ የሰው ራስ ከነካ ሞት ምልክት ጣለበት ይባላል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ለቅርብ ዘመድ የሐሰት መርዶ ይላካል። ዘመድ ደረቱን ይደቃል፣ ሞትም እንባውን አይቶ «እዚህ ቤትስ ሥራዬን ጨርሻለሁ» ብሎ ያልፋል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ግን መርዶው መመለስ አለበት። ኬታኪ ልጅ ሳለች አባቷ ጣሪያ ላይ ልብስ ሲያሰጡ ቁራ መጥቶ መላጣቸውን ረገጠው። እናቷ ወይዘሮ ናሊኒ ወዲያው አምራቫቲ ለምትኖረው ለአክስቷ ለኢንዱ አስደወሉ። አክስት ኢንዱ በአውቶቡስ ከች አለች፣ ከመንገዱ ጫፍ ጀምራ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች። በሩን በርግዳ ስትገባ ወንድሟ ቁጭ ብለው ፖሃቸውን፣ ያን የሩዝ ቁርሳቸውን፣ ሎሚ ጨምቀውበት ይበላሉ። ጫማዋን አውልቃ ጀርባቸውን አቀመሰቻቸው፤ ሳቋና እንባዋ ተደባለቀ።

ወደ ማታ ግን ኬታኪን ጭኗ ላይ አስቀምጣ እንዲህ አለቻት፦ «ስሚ ልጄ፣ መርዶ መላክ ቀላል ነው። ክፉው ሳይመልሱት ማደር ነው። ያልተመለሰ መርዶ ቤቱን እስኪያገኝ ይዞራል።» ኬታኪ ለብዙ ቀን ቁራ ባየች ቁጥር እናቷ ቀሚስ ሥር ትደበቅ ነበር። ካደገች በኋላ ረሳችው።

አሁን ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ፑኔ ከተማ ትሠራለች። ሥራዋ ሌሎች የጻፉትን የባንክ ፕሮግራም እየነካኩ ስሕተት መልቀም ነው። ጠዋት በስኩተር ጭቃ እየተረጨች ትሄዳለች፣ ቀኑን በመስታወት ሕንፃ ውስጥ ብርድ ሲያንቀጠቅጣት ትውላለች፣ ከዚያ ከሁለት ሴቶች ጋር ወደተከራየችው ቤት ተመልሳ ሩዝና ምስር ትጥዳለች። ቢሮው ውስጥ ለቢዝነስ ትምህርት ቤት ያላመለከተ ሰው ቢፈለግ አይገኝም። ሲሉ ሰምታ ዶሮ በመጫኛ ታንቃ ሞተች ነው ነገሩ፤ አንዱ አመልክቶ ገባ፣ ከዚያ ወዲህ ሁሉም ምሳውን ከመግቢያ ፈተና ጥያቄ ጋር ያላምጣል።

ኬታኪ ግን ከልቧ ነበር የፈለገችው። ዕድሜ ልክ የሰው ስሕተት መልቀም አንገሽግሿታል። አምና አመልክታ ሳይቀበሏት ቀሩ። ከመቅረቷ ይልቅ ያንገበገባት፣ አባቷ ውጤት ሳይመጣ ለሰፈሩ ማወጃቸው ነው። «ልጄ እዚያ ትልቁ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው!» ሲሉ ከገበያው እስከ ቤተ መቅደሱ ያልሰማ አልነበረም። ነገሩ ሳይሆን ሲቀር ሻይ ቤት መሄድ ተዉ፤ ሰው እንዳይጠይቃቸው በጓሮ በር መውጣት ጀመሩ። እናቷ ይህን በስልክ ሲነግሯት ኬታኪ ቢሮ መጸዳጃ ቤት ገብታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። «ዘንድሮ ማንም ቢሞት እገባለሁ!» አለች። ሰው ሲናደድ የሚለውን መች ያውቃል።

ዘንድሮ አማካሪ ያዘች። ፕራናይ ይባላል፤ የሰውን የማመልከቻ ድርሰት እያቃና የሚኖር ጮሌ ልጅ ነው።

«አባትሽ ምን ይሠራሉ?» አላት።

«ባቡር ጣቢያ ነበሩ። አሁን ጡረታ ናቸው።»

«ደህና ናቸው?»

«በጣም ደህና ናቸው።»

ፕራናይ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ችግሩ እሱ ነው» አለ።

«እንዴት ማለት?»

«ኬታኪዬ፣ ኢንጂነር ነሽ፣ ውጤትሽ ጥሩ ነው፤ እሺ። እንዳንቺ ያለ ስንት ሺህ አለ መሰለሽ? አንባቢው በምን ያስታውስሽ? ማንን አጣሽ? ምን ደረሰብሽ?»

«ምንም አልደረሰብኝም፤ ይመስገን።»

«አየሽ! ደግሞ ታመሰግኛለሽ!» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሞት ምስክር ወረቀት አምጪ የሚልሽ የለም። አባት ሞቱ፣ ልጅ ቤቱን ተሸከመች። በቃ።»

«ኧረ ምን ታሟርታለህ!»

«ሟርት ኮምፒውተር ላይ አይሠራም» ብሎ ሳቀ።

ተናዳ ወጣች። ደግሞም ልክ ነበረች፤ እኔ ብሆን በጥፊ ነበር የምለው። ማመልከቻው በሚዘጋበት እሑድ ግን የራሷን ድርሰት መልሳ ብታነበው፣ ስለ ቡድን ሥራና ስለ ትጋት የተጻፈ፣ ጨው የሌለው ወጥ ሆነባት። አባቷ በጓሮ በር ሲወጡ ታያት። ጣቶቿ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «አባቴ የሞቱ ዕለት ባቡሮቹ ሁሉ በሰዓታቸው ገቡ።» የቀረው ራሱ ፈሰሰ። እየጻፈች አለቀሰች፤ እውነተኛ እንባ ነበር። አንዴም መልሳ ሳታነብ ላከችው።

እጇ ከቁልፉ ላይ ገና ሳይነሳ ስልኳ ጮኸ። አባቷ ነበሩ።

«ልጄ፣ ስቅታ ይዞኝ አለቅህም አለኝ። ማነው እንዲህ የሚያነሳኝ? አንቺ ነሽ?»

«ው... ውኃ ይጠጡ አባባ።»

«ጠጣሁ እኮ! እናትሽ ስኳርም አቃመችኝ። ጉሮሮዬን አንድ ነገር የያዘው ይመስለኛል።» ድምፃቸው ሻከር ብሎ ነበር።

ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። ቀኑ ከዲዋሊ በዓል ማግስት ስለዋለ ናግፑር ከወላጆቿ ቤት ሆና በኮምፒውተር ልትነጋገር ሆነ። አቶ ዲጋምባር ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ ፀጉር ለሌለው ራሳቸው ዘይት ቀብተው ጠበቁ።

«ጠያቂዋን አንድ ጊዜ ሰላም ልበላት?»

«አይሆንም አባባ! እዚህ ክፍል እንዳይገቡ። ድምፅዎም እንዳይሰማ፤ እባክዎ።»

«እሺ፤ ዱዳ ነኝ» አሉና ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ጠያቂዋ ሱቻሪታ የምትባል፣ ከዚያው ትምህርት ቤት የወጣች፣ ቤንጋሉሩ የምትኖር ረጋ ያለች ሴት ናት። በእንግሊዝኛ ነበር የሚነጋገሩት። «ከጥያቄ በፊት» አለች፣ «ድርሰትሽን አንብቤ የቢሮዬን በር ዘግቼ አለቀስኩ። እኔም አባቴን ያጣሁት አምና ነው።» እያወራች ዓይኗ ሞላ፤ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ከኋላሽ ያለው ፎቶ የእሳቸው ነው?»

ኬታኪ ዞር አለች። ከኋላዋ የተሰቀለው የአያቷ ፎቶ ነው። ለሙት እንደሚደረገው ሁሉ፣ ከሰንደል እንጨት ፍቅፋቂ የተሠራ የማይጠወልግ ጉንጉን ተንጠልጥሎበታል፤ አርጅቶ ግማሹ ረግፏል። አይደለም ብትል ሌላ ጥያቄ ሊከተል ነው።

«አዎ» አለች። «አባቴ ናቸው።»

ስኒ ከማስቀመጫው ጋር ሲጋጭ ተሰማ። ቀና ስትል፣ ከካሜራው ውጪ በሩ ላይ፣ አባቷ ሻይ ይዘው ቆመዋል። አላስችል ብሏቸው ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ አሳምረው ያውቃሉ፤ ባቡር በሦስት ቋንቋ ሲያውጁ የኖሩ ሰው ናቸው። ሻዩ ማስቀመጫው ላይ ፈሷል። ዓይን ዓይኗን አዩዋት። ከዚያ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ኋላ ኋላ እየረገጡ ወጡ።

ቃለ መጠይቁ እንዴት እንዳለቀ ኬታኪ አታውቅም። ጣሪያው ላይ አገኘቻቸው፤ የደረቀ ልብስ ያነሳሉ። እግራቸው ሥር ወደቀች። አነሷት።

«ቁራ ነክቶኝ ነበር ማለት ነው» አሉ ሊስቁ እየሞከሩ። «ሴትየዋ አለቀሰች?»

«አለቀሰች።»

«ከልቧ?»

«ከልቧ ነው አባባ። ይቅር ይበሉኝ፣ አፈር ልብላ!»

«እሰየው፤ ከልብ ከተለቀሰልኝ ዕድሜ ተጨመረልኝ።» አንድ ሸሚዝ አጠፉ፤ መልሰው ዘረጉት። «ግን ይመለሳል አይደል? ፀሐይ ሳትጠልቅ።»

«አልሞቱም ብዬ ዛሬ ከጻፍኩ እኮ ይጥሉኛል። ውጤቱ ይውጣና እመልሰዋለሁ።»

አቶ ዲጋምባር ወደ መንገዱ ተመለከቱ። ሻይ ቤቱ ከዚያ ይታያል። እሳቸውም ሰው ናቸው፤ እሳቸውም ልጃቸው እንድትገባ ይፈልጋሉ። «አንቺ ታውቂያለሽ» አሉ። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ፤ ትደነግጣለች።»

ፀሐይዋ ጠለቀች። ኬታኪ ስልኳን ይዛ እስክትጠልቅ አየቻት፤ ምንም አልጻፈችም።

ገባች። ውጤቱ ሲመጣ አቶ ዲጋምባር ለሰፈሩ ሊያውጁ ወጡ፤ ድምፅ ግን አልነበራቸውም። ያ ከስቅታው ቀን ጀምሮ የሻከረው ጉሮሮ ከወር ወር እየተዘጋ መጥቶ ነበር። ሐኪሙ «ዕድሜ ነው» አለ። ሻይ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ጆሮውን አስጠግቶ ነው «ልጄ ገባች» ሲሉ የሰማቸው። ኬታኪ ፑኔ ሆና ይህን ስትሰማ የጀመረችውን ራት ከደነችው። ውጤቱ ወጥቷል፤ ቃሏ ነበር። «ትምህርቱ ይጀመርና» አለች። እንዲህ እያሉ ነው ሰው የሚያድረው። በዚያው ሰሞን ሱቻሪታ ደስታዋን ገልጻ ጻፈችላትና የቤቷን አድራሻ ጠየቀቻት፤ ትንሽ ስጦታ ልልክ ነው ብላ። ኬታኪ መጽሐፍ መስሏት የናግፑሩን ሰጠች።

ትምህርት ቤት ልትገባ አንድ ሳምንት ሲቀራት ወላጆቿን ልትሰናበት ናግፑር መጣች። አመሻሹ ላይ ዕቃ አድራሽ በሩን መታ፤ ፈርመው የተቀበሉት አቶ ዲጋምባር ናቸው። እናትየው እጃቸውን እያደረቁ ከኩሽና ወጡ። ካርቶኑ ሲከፈት ሽታው ቤቱን ሞላው። አዲስ የሰንደል ጉንጉን ነበር፤ ለፎቶ የሚሆን።

ወይዘሮ ናሊኒ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። «ይሄ የሙት ነው! ማነው ቤቴ የሙት ዕቃ የላከብኝ? በር ተሳስቶ ነው፤ መልሱት!»

«በር አልተሳሳተም» አሉ አቶ ዲጋምባር በዚያ በተዘጋ ድምፅ። «አድራሻው ልክ ነው።» አብሮ የመጣውን ካርድ አነበቡ። ኬታኪ በትከሻቸው በኩል አየችው፦ «ለአባትሽ ፎቶ። የድሮው ጉንጉን አርጅቶ አይቼ ነው። ቢኖሩ እንዴት በኮሩብሽ!»

«ምን ይላል?» አሉ እናትየው።

«ልጅሽ ታኮራለች ይላል።»

ጉንጉኑን እንዳይሰበር ተጠንቅቀው ወደ ካርቶኑ መለሱና ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጡት። «አይጣልም» አሉ። «ከልብ ያለቀሰ ሰው ነው የላከው።» ከዚያ የወተቱን ጣሳ አነሱ፣ ጫማቸውን አጠለቁ። ደፉ ላይ እንደ ወትሯቸው ቆሙ።

«ሄድኩ» አሉ።

«ምን? አንቱ! ምን አሉ?» ብለው ጮኹ ወይዘሮ ናሊኒ።

«አባባ! መጣሁ ይበሉ!» ኬታኪ በባዶ እግሯ ሮጠች። የግቢው በር ተዘግቷል፤ ከመንገዱ መታጠፊያም አልፈዋል። እዚያው ቆማ ስልኳን አወጣች። ጣቶቿ እየተሳሳቱ ለሱቻሪታም ለትምህርት ቤቱም አንድ ላይ ጻፈች፦ «አባቴ አልሞቱም። ዋሽቼ ነው። በሕይወት አሉ። ቦታዬን ውሰዱት።» ላከችው። ቀና ስትል ፀሐይ ከጣሪያዎቹ ላይ ወርዳለች።

ወተት ቤቱ ቅርብ ነው፤ ደርሶ ለመመለስ ሩዝ እስኪፈላ እንኳ አይፈጅም። የሰፈሩ በሮች ላይ መብራት አንድ በአንድ በራ። ከቤት ውስጥ ሩዙ ገንፍሎ እሳት ላይ ሲንጨረጨር ይሰማታል፤ የሚያወርደው ግን የለም።

«ኬታኪ!» አሉ እናቷ ከውስጥ። «አባትሽ መጡ?»

መንገዱ ላይ ማንም የለም።

«እየመጡ ነው እማማ» አለች። «እየመጡ ነው።»