ለወንድ መኪና፣ ለሴት ማበጠሪያ

ባለፈው የገበያ ቀን፣ ነገሌ ገበያ መሃል፣ ቲማቲም ላስመዝን ጎንበስ ብዬ ቀና ስል... ልጄ የለችም።

ሶስና አራት ዓመቷ ነው። እናቷ ለስልጠና ቦሬ ስለሄደች ሰሞኑን የምንውለው ሁለታችን ነን። ቆረቆር ይዟት ፀጉሯን ሙልጭ አድርገን ላጭተናታል። ቀሚሶቿን ደግሞ እኔ ነኝ ያላጠብኩት፤ ስለዚህ የአጎቷን ልጅ ቁምጣና ቲሸርት አልብሻት ነው የወጣነው።

የዚያን ቀን አንድ የብስኩት ማስታወቂያ መኪና ገበያው ዳር ቆሞ ጆሯችንን ያደነቁራል። ማይክ የያዘው ወጣት አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ ልጆችን ይጠራል። ብስኩቱን ለቀመሰ ልጅ ስጦታ አለ... ለወንድ አሻንጉሊት መኪና፣ ለሴት ሮዝ ማበጠሪያ። እኔ ልቤ ቲማቲሙ ላይ ስለነበር ነገሬም አላልኩት።

ያኔ ያበድኩትን ማበድ አትጠይቁኝ። ስሟን እየጠራሁ በሰው መሃል ሮጥኩ። ከብት የጫኑት አይሱዙዎች ወደ ኋላ ሲመለሱ ባየሁ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል። ልጅቷ ከጎማው ቁመት አትበልጥም። እናቷንስ ምን ብዬ ነው የማያት?

በዚህ መሃል ማይኩ «አንድ ወንድ ልጅ ከወላጆቹ ተለይቶ እኛ ጋ አለ፣ ስሙን አይናገርም፣ ኑና ውሰዱት» ይላል። ደጋግሞ ይላል። እኔም በዚያ ጭንቀቴ ላይ የልጁን አባት ረገምኩት። ምን ዓይነት ዝርክርክ ሰው ቢሆን ነው፣ ልጁ እየተጠራለት የማይሰማው?

ወተት የሚሸጡልን እማማ ቃባሌ እንዳዩኝ «አካም፣ ናጋ?» ብለው ሰላም ነው ወይ አሉኝ። ናጋ አለመሆኑን ከፊቴ አወቁት። ሶስና ጠፋችብኝ አልኳቸው።

«ታዲያ እዚህ ምን ያሯሩጥሃል? ሂድ፣ በዚያ ማይክ አስጠራት እንጂ» አሉኝ።

በረርኩ። ለወጣቱ ስሟንና ዕድሜዋን ነገርኩት። እግዜር ይስጠው፣ ወዲያው ጠራልኝ... ሶስና የምትባል የአራት ዓመት ሴት ልጅ ያያችሁ እያለ ገበያውን ሁሉ አዳረሰው። ማንም አልመጣም። የማስታወቂያውን መኪና ተደገፍኩ።

ከጋቢናው ውስጥ «ህንንንን... ጲጲ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ቤት ውስጥ የእኔን ጫማ መኪና አድርጋ ስትነዳ የምታሰማው ነው።

በሩን ከፈትኩት። ሶስና አፏ በብስኩት ተለውሶ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላለች። እንዳየችኝ መኪናዋን ከጀርባዋ ደበቀችና በሹክሹክታ፣

«አባዬ፣ ሴት ናት እንዳትላቸው» አለችኝ። «ማበጠሪያ ነው የሚሰጡኝ።»

ለካ የወንዶቹ ሰልፍ ውስጥ ገብታ መኪናዋን ተቀብላለች። ስሟን ከተናገረች ሴትነቷ ሊታወቅ ነው፣ ስለዚህ ጥርሷን ነክሳ ዝም! ስሟ በማይክ አናቷ ላይ ሲጮህም ዝም!

አቅፌያት አለቀስኩ። ሳቅኩም፣ የትኛው እንደቀደመ እኔም አላውቅም። በዕድሜዬ እንደዚያ እፎይ ብዬ አላውቅም።

ወጣቱ ግራ ገባው። ለሴት ማበጠሪያ ስጡ ተብለን ነው የመጣነው አለና አንዷን ሮዝ ማበጠሪያ ከካርቶን አወጣ። ከዚያ የተላጨ ጭንቅላቷን አየው... ማበጠሪያዋን አየ... ቀስ ብሎ ወደ ካርቶኑ መለሳት።

ማይኩን አንስቶ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«የጠፋው ወንድ ልጅም፣ የጠፋችው ሴት ልጅም ተገኝተዋል።»

ገበያው ለሁለት ልጅ አጨበጨበ። እኔ አንዷን ትከሻዬ ላይ ጭኜ ወጣሁ... አንዷ ትበቃኛለች።