ምትህን ራስህ ቁጠር

አልደን ክራም እጅጌው ላይ ስለተሰፋችው የጨርቅ ዓርማ ማውራት ከጀመረ ማቆሚያ አልነበረውም። እኔማ ሰምቼ ሰምቼ በቃሌ ይዤዋለሁ። «ይቺን ማንም አይሰጥህም» ይላል፣ ጣቱን ዓርማዋ ላይ አድርጎ። «አባትህ አያወርስህም፣ ከሱቅ አትገዛትም። ተኝተህ፣ ተንበርክከህ፣ ቆመህ ትተኩሳለህ። ከዚያ ወደ ዒላማህ ሄደህ ምትህን ራስህ ትቆጥራለህ። ነጥቡ ከሞላልህ ያንተ ናት። ካልሞላልህ ለሚመጣው ሚያዝያ ና።»

ማንም ሰው ኋላ ሄዶ ቆጠራህን አያጣራም። የኛ ሜዳ ሕግ ይህ ነው። ዊኒ እባላለሁ፤ በዚሁ በኒው ሃምፕሸር መንደራችን ፖስታ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። በተኩስ ሜዳው ፊሽካ የምነፋው እኔ ነኝ። ፊሽካዬን ሰምቶ መሣሪያውን መሬት ያላስቀመጠ ሰው፣ ሚኒስትርም ይሁን ቄስ፣ ከምላሴ አያመልጥም።

በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ ብቻ ሲሆን፣ ቅዳሜና እሁድ ማሠልጠን እንጀምራለን። ሁላችንም የምንሠራው በነፃ ነው። ጠዋት ተኩስ ነው። ምሳ ላይ፣ ሰው ቦሎቄውን እየበላ ታሪክ ይሰማል፦ በዚያ በጥንቱ ሚያዝያ እርሻቸውን ጥለው የእንግሊዙን ንጉሥ ጦር ሊገጥሙ ስለወጡት ገበሬዎች። ተራኪው አልደን ነበር። መጨረሻው ላይ ሁሌም ያቺኑ ይደግማታል፦ «እነዚያ ሰዎች ከመተኮሳቸው በፊት ስብሰባ መሄድ ያውቁ ነበር። መጋቢት ላይ ሕዝቡ ድምፅ ለሚሰጥበት የከተማው ስብሰባ የማትመጣ ከሆነ፣ ጠመንጃህን ለአይጥ አድርገው።» ሰው ይስቃል። እሱ ግን የምሩን ነው። በስብሰባው ላይ ድምፅ የሚቆጥረውም እሱ ነበር፤ አንድም ቀን ቆጠራው ይደገም ያለው ሰው የለም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። የከተማው የበረዶ መጥረጊያ መኪና ሾፌር ሳለ ጠጪ ነበር። አንድ ክረምት መጥረጊያውን እየነዳ የእሳት አደጋ ጣቢያውን በር ገንድሶታል። ሚስቱ ሎርና ልብሷን ሸክፋ እህቷ ጋ ገባች። ያን ጊዜ ነው ሮላንድ ቲቦ ወደ ሜዳችን ያመጣው። አብሮ አደጉ ነው፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ። «ና ባክህ፣ ሌላው ቢቀር እዚያ ቢራ የለም» ብሎ ነው ያመጣው።

አልደን ዓርማዋን ለማግኘት ስንት ፀደይ ለፋ! እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁሌ ትንሽ ይጎድለዋል፤ ሁሌ ደግሞ ጎደለኝ ብሎ በራሱ አንደበት ይናገራል። በመጨረሻ አንድ እሁድ ሞላለት። መኪናው ኋላ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጠጥ በአፉ አልዞረም። ሎርናም ተመለሰች፣ ዓርማዋንም በእጇ ሰፋችለት። አንድ ጊዜ እንዲህ ብሎኛል፦ «ሲያምረኝ እጅጌዬን አያለሁ፣ ዊኒ። ቢያንስ አንድ ነገር በገዛ እጄ፣ ሳልዋሽ ሠርቻለሁ እላለሁ። እሱ ነው የያዘኝ።»

እንግዲህ የዘንድሮው ሚያዝያ መጣ። ሮላንድ አሁን የሜዳው ኃላፊ ነው። ቅዳሜ ዕለት ግራንት የሚባል የቤት ግንባታ ተቋራጭ ሊሠለጥን መጥቶ ነበር። ዝናብ ሲዘንብብን አይቶ፣ ለተኩስ መስመሩ ጣራ እሠራላችኋለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። ከሰዓት ላይ ተኮሰ፣ ቆጠረ፣ ትንሽ ጎደለው። ሰውዬው ራሱ ጎደለኝ ብሎ ተቀበለ። ሮላንድ ግን አልደንን ወደ ዒላማው ሰሌዳ ጎትቶ ወሰደው። እኔ ወረቀት እየነቀልኩ አጠገባቸው ነበርኩ።

«ይቺን ቀዳዳ እያት እስቲ» አለ ሮላንድ። «መስመሩን ነክታለች።»

«አልነካችም።»

«ነክታለች በላት፣ ምን አለበት? ሰውዬው ይደሰታል፣ እኛም ከዝናብ እንድናለን።»

«ቆጥሮ ጎደለኝ ያለው ራሱ ነው። አንተ ማን ነህ የምትሞላለት? ሮላንድ፣ ይቺን ማንም ለማንም አይሰጥም።»

ሮላንድ ፊቱ ቀላ። «እስቲ ይቺን ስብከትህን ተዋት! እኔ ላንተ ሰጥቼህ የለ?»

አልደን ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። እኔም መስሎኝ ነበር።

«ምኑን ነው የሰጠኸኝ?»

«ያቺን እሁድ። አጠገብህ ሆኜ እተኩስ አልነበር? የመጨረሻዋ ጥይትህ ከወረቀቱ ውጪ አፈሩ ላይ ስታርፍ አየኋት። እኔ አንዲት ጥይት ቀርታኝ ነበር። ጥይታችን አንድ ዓይነት ነው። ያንተ ዒላማ ላይ አሳረፍኳት።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልትሞት ነበር እኮ፣ አልደን። ምን ላድርግ?»

«ማን ያውቃል?» አለ አልደን።

«ማንም። ለሎርና ብቻ ነው የነገርኳት። እንድትመለስልህ ብዬ።»

እንዴት እንደተናደድኩ! እውነቱን ለመናገር ያን ቀን የተኮሰውን ሮላንድ ይቅር እለው ነበር፤ ፍቅር ነው፣ ሞኝ ፍቅር። ይህን ሁሉ ዓመት አፉን ዘግቶ ኖሮ ለጣራ ሲል ያወጣውን ሮላንድ ግን እስከ ዛሬ ዓይኑን ማየት ያስጠላኛል። «አንተ ርካሽ!» አልኩት፣ ሠልጣኞቹ እየሰሙ። ግራንት ኮፍያውን አነሳና፣ እሱስ ጨዋ ሰው ነው፣ ወደ መኪናው ሄደ።

አልደን የመኪናውን ቁልፍ ማዞር ስላቃተው እኔ ነድቼ ቤቱ አደረስኩት። ሎርና በሩ ላይ ነበረች። ሰላምም አላላትም።

«ታውቂ ነበር?»

እሷ ገባት። ወዲያው ነው የገባት፣ ይህ ነው እኔንም ያሳዘነኝ። «አልደን፣ ቁጭ በልና እናውራ...»

«እያወቅሽ ነው የሰፋሽው?»

«በሕይወት እንድትኖር ብዬ ነው! አልኖርክም እንዴ? ስንት ዓመት ንጹሕ ሆነህ ኖርክ፣ እሱስ ውሸት ነው?»

እሱ መቀሷን ከመስፊያ ሳጥኗ አወጣና ጃኬቱን ሳያወልቅ ክሩን አንድ በአንድ ይበጥስ ጀመር። ጨርቁ የነበረበት ቦታ ከሌላው እጅጌ ይልቅ ጠቆር ያለ ሆኖ ቀረ። መጠጥ ይገዛል ብዬ ፈራሁ፤ ሎርናም ፈርታለች፣ ዓይኗ ከመኪናው ቁልፍ ላይ አልተነሣም። እሱ ግን ጃኬቱን ለብሶ ሶፋው ላይ ተኛ።

እሁድ ጠዋት ቀድሞኝ ሜዳ ላይ ደርሷል። የአሠልጣኝ ኮፍያውን አላደረገም። እንደማንኛውም ተማሪ ጠመንጃውን ይዞ መጣና «ዊኒ፣ ዛሬ እተኩሳለሁ» አለኝ። «ከግራዬም ከቀኜም ሰው እንዳይተኛ።»

ሮላንድ ሰማ። ከመስመሩ ኋላ ቆሞ እጁን ኪሱ ከተተ። እኔ ከአልደን ወዲያና ወዲህ ያሉትን ቦታዎች ባዶ አስቀረሁ።

አልደን ተኛ። ዕድሜው ገፍቷል፣ ዓይኑም እንደ ድሮው አይደለም። ቀስ ብሎ፣ ትንፋሹን እየያዘ ተኮሰ። ተንበረከከ፣ ጉልበቱ ሲንቋቋ ሰማሁት። ቆመ። እጁ አልተንቀጠቀጠም። ሲጨርስ ፊሽካዬን ነፋሁ፤ መሣሪያውን አስቀምጦ በጭቃው መሐል ብቻውን ወደ ዒላማው ሄደ።

ቆጠረ። ከላይ ጀምሮ ደገመ። ከታች ወደ ላይ እንደገና ቆጠረ። ከዚያ ዞረና ጠራኝ።

«ዊኒ፣ ነይማ። ቁጠሪልኝ።»

ምትህን ራስህ ቁጠር እያለ ያንን ሁሉ ሰው ያሠለጠነ ሰው! ሄጄ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ጣቴን እያስነካሁ ቆጠርኩለት። ሞልቷል። ከመሙላትም አልፎ ተርፏል።

«ሞልቶልሃል፣ አልደን።»

ፊቴን አየ።

«እውነትሽን ነው?»

«አንተ ሙት! ያንተ ናት። ከጎንህ ማንም አልነበረም እኮ፣ እኔው ራሴ አይደል ባዶ ያስቀረሁት!»

አሁንም ፊቴን እያየ ነው። «ሎርናም ዓርማዋን ስትሰፋት» አለኝ፣ «ልክ እንዲህ ነበር የምታየኝ።»

ወረቀቱን ከሰሌዳው ነቅሎ አጠፈውና ጃኬቱ ውስጥ ከተተው። አዲስ ዓርማ ከሜዳው ሣጥን አውጥቼ ልስጥህ አልኩት፣ አልፈለገም፤ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ምሳ ላይ ታሪኩን የሚነግር ሰው ስላልነበረ፣ ሠልጣኞቹ ቦሎቄያቸውን በዝምታ በሉ።