ከበሩ የበለጠችው ፖንቲያክ

በርናዲን ኩቢያክ በስድስት ዓመት ውስጥ ያልለካችው ነገር አልነበረም። የፒስተኖቹን ክፍተት ከፀጉር በቀጠነ ብረት ለክታለች። የመኪናዋ በሮች መጋጠሚያ ከላይ እስከ ታች እኩል እስኪሆን ድረስ የሳንቲም ጠርዝ እያስገባች ስትፈትሽ ሁለት ወር ፈጅቶባታል። በወንበሩ ስፌት ላይ በአንድ ስንዝር ስንት ጥልፍ እንዳረፈ በቃሏ ትናገራለች። የጋራዧን በር ግን አልለካችም። በር እኮ በር ነው፤ ማን ይለካዋል?

ከዲትሮይት ወደ ሰሜን ባለው በዚያ የፋብሪካ ሠራተኞች ሰፈር፣ ሰው ጡረታ ሲወጣ ወይ ዓሣ ያጠምዳል ወይ ጋራዡ ውስጥ አሮጌ መኪና ይገጣጥማል። በርናዲን ዓሣ አትወድም። ሠላሳ አንድ ዓመት የመኪና ወንበር ስትሰፋ ኖራ፣ በወጣች በሦስተኛው ሳምንት ከአንድ ገበሬ ጎተራ ኋላ ዶሮ ያድርባት የነበረችን የስልሳ አምስት ሞዴል ፖንቲያክ መኪና ላሜራ ገዝታ በጭነት መኪና አስመጣች። ሞተር የላት፣ ወንበር የላት፣ መስታወት የላት። ከጣሪያዋ ላይ የዶሮ ኩስ ሲፋቅ ብቻ አራት ቀን ፈጀ።

ሥራው ሲጀመር ታላቅ እኅቷ ክላሪስ አንድ የሣር ላይ ወንበር ይዛ መጣችና ጥግ ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። ሁለት ቤት ዝቅ ብላ ነው የምትኖረው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ቤት መዋል አትወድም። እዚያው ወንበር ላይ ስድስት ዓመት ተቀመጠች። መመሪያውን ጮክ ብላ የምታነበው እሷ ናት፤ ዕቃ የምታቀብለውም እሷ። የመፍቻዎቹን ስም ለማጥናት ግን እንቢ አለች። አንዱን ጥርሳሟ፣ አንዱን አፈ ሰፊው፣ አንዱን ደግሞ ሟቹ አማቷን በሚመስል አኳኋን ጎብጦ ስላየችው አቶ ሌናርት ብላ ጠራችው። ሦስተኛው ዓመት ላይ በርናዲን ራሷ ከመኪናዋ ሥር ተጋድማ “አቶ ሌናርትን ወርውሪልኝ” ማለት ጀመረች። ብየዳ ሊያግዝ የመጣው ጎረቤታቸው ሮስኮ ቲብስ መጀመሪያ የሰማ ዕለት፣ ሌላ ሰው ጋራዡ ውስጥ ያለ መስሎት ዞር ብሎ ፈልጓል።

በዚህ ዓመት ክላሪስ ቤቷን ሸጠች። ጉልበቷ የሚሺጋንን በረዶ አልችል ስላለ፣ አሪዞና ያለው ልጇ ዘንድ ልትሄድ ነው። አውሮፕላኑ እሑድ ጠዋት በሁለት ሰዓት ነው። ቅዳሜ ደግሞ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ እንደሚሆነው፣ አሮጌ መኪና ያለው ሁሉ ትልቁን ጎዳና ይዞ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስበት፣ መኪና የሌለውም ወንበሩን ሣሩ ላይ ዘርግቶ የሚያይበት ቀን ነው። በርናዲን ከሁለት ዓመት በፊት ለእኅቷ ቃል ገብታለች። አንድ ጊዜ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በጎዳናው ላይ። ከዚያ በፊት ግን መኪናዋ መውጣት አለባት፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ክላሪስ የለችም።

ስለዚህ ጥድፊያ ነበር። ሞተሩ ተገጣጥሞ ያለቀው በግንቦት፣ ቀለሙ የተቀባው በሰኔ ነው፤ ያልበሰለ ኮክ የሚመስል አረንጓዴ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ነገሮች የገቡት በሐምሌ ነው። አንደኛው ከፊት በኩል የጭነት መኪና ባሌስትራ ነው። በርናዲን በወጣትነቷ ከማታ ፈረቃ በአውቶቡስ ስትመለስ የምታያቸው የውድድር መኪኖች አፍንጫቸውን ወደ ሰማይ ቀና አድርገው ነበር የሚሄዱት፤ የእሷም እንዲያ እንድትሆን ፈለገች። ሁለተኛው ኮፈኑን ቀዶ የወጣው አየር መግፊያ ነው። ከሞተሩ አናት ላይ ተነስቶ፣ ጫፉ አፉን እንደከፈተ ጉማሬ ሆኖ ይቆማል። ሁለቱንም ስትገጥም ከፎቶግራፍ ጋር አስተያይታለች፤ ልክ ነበሩ።

ቅዳሜ ጠዋት በአራት ሰዓት በርናዲን ታጥባ፣ ከንፈሯን ተቀብታ መሪው ኋላ ተቀመጠች። ስታስነሳው የጋራዡ መደርደሪያ ላይ ያሉ የቡሎን ቆርቆሮዎች በአንድ ላይ መደነስ ጀመሩ፤ የጎረቤት ውሻ ጮኸና ወዲያው ሐሳቡን ቀይሮ ዝም አለ። በርናዲን ሳቋን መያዝ አቃታት። ክላሪስ ነጭ ቦርሳዋን ይዛ መንገዱ ዳር ቆማለች። ማርሹ ወደ ኋላ ገባ። አረንጓዴው ጅራት ወጣ፣ ጣሪያው ወጣ፣ በሮቹ ወጡ፣ ከዚያ ከላይ “ቋ” የሚል ድምፅ ተሰማና መኪናዋ ቆመች።

ሞተሩን አጥፍታ ወረደች። የጉማሬው አፍ ከበሩ ራስ ላይ ካለው ጡብ ጋር ተፋጥጧል። የሚተርፈው ሦስት ጣት ነው። ጋራዡን የሠራው ሰው ከሰባ ዓመት በፊት ለነበሩት ትንንሽ መኪኖች ብሎ ነው የሠራው። ፖንቲያኳ ስትገባ ባዶ ላሜራ ስለነበረች ከላይዋ አንድ ክንድ ይተርፍ ነበር። የተሠራችው ግን እዚያው ውስጥ ነው፤ እዚያው ውስጥ አደገች፣ ከበሩም በለጠች።

በርናዲን ጡቡንና የራሷን ሥራ እያፈራረቀች አየች። አየር መግፊያውን ማውረድ ትችላለች፤ ነገር ግን አንዴ ከተነሳ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ስለሚቀደድ አዲስ ከኦሃዮ እስኪመጣ አንድ ሳምንት ነው። ሮስኮ ሄዶ ትልቅ መዶሻ ይዞ መጣና ጡቡን በዓይኑ መመዘን ጀመረ። ጣሪያውን የተሸከመው እሱ መሆኑን ስትነግረው መዶሻውን በትሕትና ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

ይህን ጊዜ ነው ከመንገዱ ማዶ ቨርጂል ሁክስ የመጣው። ቨርጂል የፎርድ ሰው ነው። ሰማያዊ ፎርዱን በየእሑዱ ይወለውላል፤ ሌላ ዓይነት መኪና ውስጥ ላይቀመጥ ስለማለ በአማቱ ቀብር ዕለት እንኳ የዘመድ መኪና ሲያቀርቡለት እንቢ ብሎ በእግሩ ነው የሄደው። ስድስት ዓመት በየቅዳሜው መንገዱን ተሻግሮ ምን እንደተበላሸ ሲጠይቅ ኖሯል። አሁን እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ግማሽዋ ደጅ ግማሽዋ ቤት የሆነችውን መኪና ከዳር እስከ ዳር ተመለከተ።

“ኩቢያክ፣” አለ ቀስ ብሎ፣ “ይቺ መኪና ልትወለድ ነው ወይስ ልትመለስ?”

በርናዲን ቀና ስትል እኅቷን አየች። ክላሪስ ግድ የለም፣ በእግራችን ሄደን ከዳር እናያለን እያለች ነበር፤ ይህን ስትል ደግሞ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨምቃ ይዛዋለች። ይኼኔ በርናዲን መኪናዋ ትወጣለች አለች። እንዴት እንደምትወጣ ገና አላወቀችም፤ ግን ተናገረችው።

መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹን አየር አስተነፈሱ። ቸርኬው መሬት ሊነካ ሲል ጉማሬው አንድ ጣት ተኩል ያህል ዝቅ አለ። ቀሪው አንድ ጣት ተኩል ነው። ባሌስትራውን የሚጫን ክብደት ያስፈልጋል ተባለና ሮስኮ ለበረዶ ጊዜ ያስቀመጠውን አሸዋ በጆንያ እየተሸከመ ከኋላ የዕቃ መጫኛዋ ውስጥ ከመረው። ስድስተኛው ጆንያ ላይ ክላሪስ ከጎን ሆና፣ አፍንጫዋ እየወጣ አይደለም ወይ ብላ ጠየቀች። እውነትም ከኋላ ሲከብዳት ከፊት ቀና እያለች ጉማሬው ጡቡን ይቧጭር ነበር። ሁለት ጡረተኛ የመኪና ሠራተኞችና አንድ የፎርድ ሰው ይህን አለማሰባቸው ሳያንስ፣ ያወቀችው መፍቻ በስሙ የማትጠራው ሴት ሆነች። ሮስኮ ስድስቱንም ጆንያ መልሶ አወጣ። በርናዲን ሳቋ አፍኗት ጡቡን ተደግፋ ቆመች።

ወደ ጎዳናው የሚሄዱ ሰዎች ወንበራቸውንና የመጠጥ በረዶ ሳጥናቸውን እንደያዙ እየቆሙ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። አንዱ ኮፈኑ ላይ ብንቀመጥስ አለ፤ በርናዲን ቀለሙን አይታ እሱን ስታየው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ክብደቱ መግባት ያለበት ከፊት ወንበር ላይ ነው። ወንበሩ ወጥ ስለሆነ ሦስት ሰው ይይዛል፤ እነሱም ከመንደሩ የከበዱት መሆን አለባቸው።

ሮስኮ ሦስት መቶ ሃያ ፓውንድ ነኝ አለ፤ ቁርሱን ሳይጨምር። ገብቶ ሲቀመጥ መኪናዋ እንደ ትልቅ ሰው ተነፈሰች። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው ቀስ በቀስ ወደ ቨርጂል ዞረ። ቨርጂል ወደ ሰማይ ዞረ።

“ሚስተር ሁክስ፣” አለችው ክላሪስ፣ “ነገ በዚህ ሰዓት አሪዞና ነኝ። ለማን እናገርብሃለሁ?”

ቨርጂል ኮፍያውን አወለቀ። ፎርድ የሚል ስለተጻፈበት ይህን እንዳያይ ነው ብሎ ለሮስኮ ሚስት አስያዘው። ከዚያ ቂጡን አስቀድሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሙቅ ውኃ ውስጥ እንደሚገባ ሰው መሪው ኋላ ተቀመጠ። በርናዲን የበሩ ራስ ሥር አንገቷን አስግጋ ስትመለከት፣ የጉማሬው ከንፈርና ጡቡ መካከል ገና የጥፍር ውፍረት ያህል ይጎድላል። መሃል ላይ አንድ ቦታ ቀርቷል።

ክብደቱን የሚናገር ጠፋ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ክላሪስ ክብደቷን ለሐኪሟ እንኳ በወረቀት ጽፋ አጥፋ ነው የምትሰጠው፤ በርናዲን ይህን ስለምታውቅ እኅቷን ላለማየት ጡቡን ብቻ ታያለች። ከዚያ ነጩ ቦርሳ በርናዲን እጅ ላይ አረፈ።

“ያዢልኝ፣” አለች ክላሪስ። “ስንት ነሽ ያለኝ ግን ይወርዳል።”

ማንም አልጠየቃትም። በሮስኮ በኩል ተንፏቅቃ መሃል ገባች። መኪናዋ ጎንበስ አለች፤ እጅ የምትነሳ ይመስል። በርናዲን በጉማሬውና በጡቡ መካከል አንዲት ወረቀት አሾለከች፤ ወረቀቷ አለፈች። አንዴ ተንፍሱ ብላ ጮኸች፤ ሦስቱም ተነፈሱ። ቨርጂል ፍሬን ለቀቀ፣ የጎረቤት ሰው ከፊት እየገባ መከላከያውን ገፋ፣ አረንጓዴዋ ፖንቲያክ በተነፈሰ ጎማዋ እየተንፏቀቀች፣ አፍንጫዋን ጡቡ ሳይነካው ፀሐይ ላይ ወጣች። የበረዶ ሳጥን የያዙት ሰዎች ክዳኑን እንደ ከበሮ መቱት።

ቨርጂል ከወንበሩ ለመነሳት አልቸኮለም። ጎማዎቹ አየር እስኪሞሉ ድረስ ተቀምጦ ነጩን የወንበር ስፌት በአውራ ጣቱ ይዳብስ ነበር። ሲወርድ፣ ፎርድ ውስጥ እንዲህ ያለ ስፌት አለ ብላ እንዳታስብ፣ የለም አላት፤ ይህንንም ለማንም እንዳትነግር። በርናዲን እስከ ዛሬ ለሰው ሁሉ ትነግራለች።

ማታ መኪናዋ ተመልሳ እንዴት እንደምትገባ ያነሳ ሰው አልነበረም።

ጎዳናው ከዳር እስከ ዳር ተሞልቷል። በርናዲን ማርሽ በለወጠች ቁጥር ፖንቲያኳ አፍንጫዋን ቀና ታደርጋለች፤ ሣሩ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ደግሞ ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። ክላሪስ በመስኮት እጇን እያወጣች ለማታውቀው ሰው ሁሉ እንደ ንግሥት ሰላምታ ትሰጣለች። ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ሄዱ፤ ቃሉ ተፈጸመ። መዞሪያው ጋ ሲደርሱ ክላሪስ ደግመሽ ዙሪ አለች። ደገሙ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለሱ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መንገድ ዳር ከሚሸጡት የፖላንድ ቋሊማ ሁለት ገዙ፤ ሰናፍጩ እስከ ዳቦው ጫፍ የሞላ።

በርናዲን በዚያ ወንበር ላይ ውኃ እንኳ ማንንም አላስጠጣችም። ዘጠኝ ሳምንት ነው የሰፋችው፤ ነጭ ነው። ክላሪስ ለአንዲት ሕፃን እጇን ልታውለበልብ ስትዞር፣ ከዳቦው ውስጥ አንድ ድፍን ማንኪያ የሚያህል ሰናፍጭ ተንሸራቶ በስፌቱ መሃል ላይ ዘጭ አለ።

ሁለቱም አዩት። ክላሪስ ወረቀት ፍለጋ ቦርሳዋን ከፈተች። ከበርናዲን ጉሮሮ አንድ የሳቅ ድምፅ ወጣ። ከዚያ ሌላ ወጣ። ከዚያ በኋላ መንገዱ አልታይ ስላላት ጥግ ይዛ ማቆም ግድ ሆነባት። መሪው ላይ ተደፍታ ትከሻዋ ይነቀነቃል፤ ክላሪስም የተገመጠ ቋሊማዋን እንደያዘች እንባዋ ይወርዳል።

በዚያ ጎዳና አሮጌ መኪና ጥግ ከያዘ፣ መሣሪያ ይዞ የማይሮጥ ሰው የለም። አንድ ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሰው የመፍቻ ሳጥኑን እያንኳኳ ደርሶ በመስኮቱ ጎንበስ አለ፤ እሜቴ፣ ምኗ ተበላሸ ብሎ ጠየቀ።

“መኪናዋ ደኅና ናት፣” አለች ክላሪስ አፍንጫዋን እየጠረገች። “የተበላሸችው እኅቴ ናት።”