የዋርሳዋ ፕሪንተር

ሹፌሩ ሁለቱን ፕሪንተሮች በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ ነው ያመጣቸው። አንዱ ለሚስቱ፣ አንዱ ለታናሽ እህቱ። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ቀለም በጠርሙስ የሚሞላባቸው፣ እንደ መንትያ የሚመሳሰሉ ነበሩ። ልዩነታቸው ካርቶናቸው ላይ ብቻ ነው፤ የአንደኛው ካርቶን ጥግ መንገድ ላይ ተጨፍልቋል።

«ምረጪ» አላት ሚስቱን።

ሚስቱም ሁለቱን ዞር ዞር ብላ አየቻቸው፤ ሐብሐብ እንደሚገዛ ሰው በጣቷ መታ መታ አደረገቻቸው። ከዚያ ጥጉ ያልተነካውን አቅፋ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። የተጨፈለቀው ምድር ቤት ለምትኖረው ለዋርሳዋ ደረሰ። በኋላ የመጣውን ጣጣ ሁሉ ስታስበው ከሁሉም የሚያንገበግባት ይሄ ነው፤ የመረጠችው ራሷ ናት።

የሹፌሩን ሚስት ሰፈሩ «መቀስ» ይላታል። ገና በልጅነቷ አንድ የወንዶች ሱፍ ሰፊ ዘንድ ተቀጥራ ከመሬት ክር ስትለቅም ነው ሙያውን የጀመረችው። ሰውዬው «ጨርቅ አበላሽ» እያለ ሲጮህባት ታለቅሳለች፣ ታኮርፋለች፣ ትመለሳለች፤ በመጨረሻ ከእሱ አስበልጣ ቀጥ አድርጋ መቁረጥ ቻለች። ቅጽል ስሙ ከእጇ ይምጣ ከምላሷ ግን እስከ ዛሬ አልለየም። ባሏ ከምላሷ ነው ይላል፤ እሷ በሌለችበት።

ዋርሳዋ ደግሞ «ትንሿ» ትባላለች። ለእናቷ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች የወጣላት ስም ነው እንጂ ቁመቷስ ጣሪያ ልትነካ ምን ቀራት። እሷም ሰፊ ናት፣ የልጆች ልብስ። ሙያውን ያስተማረቻት፣ መርፌ አያያዝ ያሳየቻት መቀስ ናት።

መቀስ ክፉ ሰው አይደለችም። ጎረቤት ሲታመም ቀድማ ደራሽ እሷ ናት። ግን ቅናት አለባት፤ በትንሿ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብስባታል። ሹፌሩ ከእህቱ ቤት ደርሶ መጥቶ «ትንሿ እኮ ቤቷን እንዴት አድርጋ ይዛዋለች!» ካለ የዚያን ቀን ሳህኖቹ ሲታጠቡ ድምፃቸው ደረጃው ድረስ ይሰማል።

ፕሪንተሩ ያስፈለጋቸው ለሥራ ነው። የዛሬ ደንበኛ ስልኳን ዘርግታ «ይሄንን ቀሚስ» ነው የምትለው። ሰፊዋ የቀሚሱን ፓተርን፣ ጨርቁ የሚቆረጥበትን የወረቀት ቅርጽ፣ ከኢንተርኔት ታወርዳለች፤ በብዙ ገጽ ታትማለች፤ ገጾቹን ጠርዝ ለጠርዝ አጣብቃ ጨርቁ ላይ ትዘረጋለች። በአንዱ ወረቀት ላይ ሁሉም ልክ አለ። ትንሹ በጥቁር መስመር፣ መካከለኛው በቀይ፣ ትልቁ በሰማያዊ።

መቀስ ቀለሟን ትሰስታለች። ግድ ካልሆነ አታትምም። ሥራ ከሌለ ማሽኑ ወሩን ሙሉ መስኮቱ ሥር፣ ካውያው አጠገብ፣ ፀሐይ ሲጠብሰው ይከርማል። አትማ ስትጨርስ ደግሞ «ቆጣሪ ይበላል» ብላ ገመዱን ከሶኬቱ ትነቅለዋለች። ታዲያ ሥራ ሲመጣ አንዱ ቀለም ደርቆ ይገኛል። ማሽኑ ራሱን እንዲያጸዳ ታዘዋለች። እንቢ ይላል። ትደግማለች። አሁንም እንቢ። እልህ ይይዛትና በላይ በላዩ ታዘዋለች፤ ማሽኑ በጸዳ ቁጥር ከታንኩ ቀለም ይጠጣል። ወር ሙሉ የሰሰተችለትን ቀለም በአንድ ከሰዓት በኋላ ጭልጥ አድርጋ ታስጠጣዋለች ማለት ነው።

አንድ ቀን የባንክ ሠራተኛ የሆነች ደንበኛዋ ከውጭ የተላከላት ሐር ጨርቅ ይዛ መጣች። መቀስ ፓተርኑን አተመች። ሰማያዊው ቀለም ደርቆ ኖሯል፤ የትልቁ ልክ መስመር ከነጭራሹ አልወጣም። ከቀን ሁሉ በዚያ ቀን ቸኩላ ስለነበር በሜትር ሳታረጋግጥ በስተ ውጭ ያገኘችውን መስመር፣ ቀዩን፣ ተከትላ ቆረጠች። ጨርቅ አንዴ ከተቆረጠ ወዲያ ንስሐ የለውም። ቀሚሱ ሴትየዋ ትከሻ ላይ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ አልወርድ አለ።

ሴትየዋ ክፉ ቃል አልተናገረችም። ጨርቁን በፌስታል አድርጋ ወጣች። ደረጃው ላይ ኮቴዋ ወደ ታች ሲወርድ መቀስ ታዳምጥ ነበር። ምድር ቤት ሲደርስ ቆመ። በር ተንኳኳ። የትንሿ በር ነው።

ትንሿ ከተበላሸው ጨርቅ ለሴትየዋ ልጅ የሚያምር ቀሚስ አወጣችላት። ከዚያም ለሴትየዋ ራሷ። ፓተርኑን በዚያችው ጥጉ በተጨፈለቀ ካርቶን በመጣችው ማሽን አትማ።

«የእሷ ማሽን ይሻላል» አለች መቀስ ለባሏ። «አንተ አውቀህ ነው የጨፈለቅከው፤ እኔ እንዳልመርጠው!»

«ኧረ በሕግ አምላክ! እሷን ለምን አትጠይቂያትም፣ ምን እያደረገች እንደምታቆየው?»

«እኔ? እኔ ያስተማርኳትን?» አለችና አፏን ያዘች። ያን ማታ የሳህኖቹ ድምፅ ደረጃው ድረስ ተሰማ።

ብዙም ሳይቆይ ትንሿ ቁልፏን ይዛ ወደ ላይ መጣች።

«እትዬ፣ እማዬን ለዓይን ቀዶ ሕክምና ልወስዳት ነው። እስኪሻላት እዚያው እቆያለሁ። ቁልፉን ያዢልኝ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ፤ በሳምንት አንዴ ብቅ እያልሽ አራቱም ቀለም ያለባትን የሙከራ ገጽ አትሚልኝ፣ ቀለሙ እንዳይደርቅ። ስትጨርሺ በራሱ ማጥፊያ አጥፊው፣ ከሶኬቱ እንዳትነቅይው፤ በወጉ ሳይዘጋ ከተነቀለ ይደርቃል።»

«እሺ እህቴ፣ ምን ችግር አለው፣ በሰላም ተመለሱ» አለች መቀስ። በሆዷ ግን «አይ ጥጋብ! ለባዶ ወረቀት ቀለም ማፍሰስ!» ትላለች።

የመጀመሪያውን ሳምንት ወረደች። ማሽኑ ንጹሕ ጨርቅ ለብሶ፣ ፀሐይ የማይደርስበት ጥግ ተቀምጧል። አንዲት ገጽ አተመች። አራቱ ቀለሞች ጥርት፣ ድምቅ ብለው ወጡ። ወረቀቷን ይዛ ቆመች። ይሄኔ ነው ሐሳቡ የመጣው። መንትያ አይደሉም እንዴ? ማን ይለያቸዋል?

ባሏ መንገድ ላይ ነበር። ረፋድ ላይ፣ ሰው ሁሉ ሥራ ሲሄድ፣ የራሷን ማሽን በአንሶላ ጠቅልላ ታቅፋ ወረደች። ታንኩ ቀለም አለበት፤ ካዘነበለ ይፈሳል። እናም እስከ አፉ የሞላ ሳህን እንደያዘ ሰው፣ በእግሯ ጣቶች እየዳበሰች፣ ትንፋሿን ውጣ ትወርዳለች። የሕንፃው ዘበኛ ደረጃው ሥር አገኛት።

«እትዬ መቀስ፣ ምን ተሸክመው ነው?»

«ኬክ ነው።»

«ላግዝዎት?»

«አይ፣ ክሬሙ ይበላሻል።»

ትንሽ ቆይታ የትንሿን ማሽን በዚያው አንሶላ ጠቅልላ ስትወጣ ዘበኛው አሁንም እዚያው ነበር።

«ኬኩን መለሱት?»

«አልተወደደም» አለችው፤ ሳትዞር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት የደስታ ነበሩ። ማሽኑ ያዘዘችውን ሁሉ ያወጣል። ቀዩ ቀይ፣ ሰማያዊው ሰማያዊ። ለደንበኞቿ የቀሚስ ፎቶ ሳይቀር እያተመች ሰጠች። ምድር ቤት ወርዳ የቀረውን ማሽን ማየት ግን አልሆነላትም፤ በሳምንት አንዴ የተባለውም በዚያው ተረሳ። ያመጣችውንም ቢሆን ሥራ ሲቀዘቅዝ እንደ ልማዷ ከሶኬቱ ነቅላ መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው።

ትንሿ ተመለሰች። በሳምንቱ ሹፌሩ እራት ላይ «የትንሿ ፕሪንተር ታሟል፤ ሰማያዊው አልወጣ ብሏታል» አለ።

«ውይ!» አለች መቀስ። «ውይ» ያለው አፏ ነው፤ ሆዷ ግን እልል ብሏል።

በማግስቱ ትንሿ ራሷ መጣች። «እትዬ፣ አትመሽልኝ ነበር አይደል?»

«በየሳምንቱ!»

«እንግዲያው ጥፋቱ የእኔ ነው። ከመሄዴ በፊት ታንኩን ማየት ነበረብኝ፤ አየር ገብቶት ይሆናል።» እንዲህ ብላ ራሷን እየወቀሰች ወረደች። መቀስ ዓይኗን ከስፌት መኪናው መርፌ ላይ አላነሳችም። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ግን የሰፋችውን ስፌት ሁለቴ ፈታችው።

ደስታውም ዕድሜ አላገኘም። አዲስ ሥራ መጥቶ ማሽኑን ስታስነሳው ቀዩ ተቆራርጦ ወጣ። አጸዳችው፤ ጭራሽ ጠፋ። ደጋግማ አጸዳችው፤ አሁን ሰማያዊውም ተከተለ። «ይሄስ ደግሞ ምን ነካው?» እያለች ጎኑን በጥፊ መታችው። በመጨረሻ ክር ፈላጊ መስላ ወደ ምድር ቤት ወረደች።

የትንሿ ጠረጴዛ ላይ ገና የተጣበቀ ፓተርን ተዘርግቷል። ሦስቱም መስመሮች እንደ ፀጉር ቀጥነው፣ አንዱም ሳይቆረጥ፣ ጥርት ብለው ወጥተዋል።

«በምን አተምሽው?» አለች።

«በዚሁ ነዋ፣ ዳነልኝ እኮ! አንዴ አጸዳሁትና ተውኩት። በላይ በላዩ ማጽዳት ቀለም ከማስጨረስ በቀር ጥቅም የለውም። አሳደርኩት፤ በማግስቱ ደግሞ አንዴ። ከዚያ ሰማያዊ ብቻ ያለበት ገጽ አተምኩበት። ቀስ እያለ ተከፈተ።»

መቀስ ማሽኑን አየችው። ያ የእሷ እንቢተኛ፣ ዓመት ሙሉ ያቃጠላት፣ ጨርቅ ያስቆረጣት፣ ደንበኛ ያስኮበለላት ማሽን ሰው ቤት ሲገባ ጨዋ ሆኖ ተቀምጧል! እሷን ንቆ ለትንሿ ታዘዘ። አፏ ከልቧ ቀደመ።

«ይሄማ የእኔ ማሽን ነው! መልሺልኝ!»



«ምን አልሽ እትዬ?»

መቀስ ያለችውን ሰማችው። ቃሉን ልትውጠው ብትሞክር ወጥቷል። ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ከዚያ ሁሉንም ተናገረች፤ አንሶላውን፣ ኬኩን፣ ያላተመችውን ወረቀት። ስትናገር ትንሿን ሳይሆን መሬት መሬቱን ነበር የምታየው።

ትንሿ አልሳቀችም። መጀመሪያ ፊቷ ቀላ፤ ከዚያ ተነሥታ መስኮቱን ከፈተችና ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

«እማዬ አልጋ ላይ ሆና ስለ አንቺ ጤና ነበር የምትጠይቀኝ» አለች። «እኔም "ቤቴን እትዬ ይዛልኛለች" እያልኩ። መጥቼም ራሴን ስረግም ነበር የሰነበትኩት። ማሽኑ አይደለም ያናደደኝ፤ ውሸቱ ነው። ብትጠይቂኝ ራሴ ተሸክሜ አወጣልሽ አልነበር?»

 የመቀስ እንባ መጣ፤ ግን እንባው የጸጸት ብቻ አልነበረም። ያኔም፣ በዚያች ደቂቃም፣ ትንሿ ከእሷ የተሻለች ሰው መሆኗ እያቃጠላት ነበር።

«የእኔን አምጪው» አለች ትንሿ በመጨረሻ።

የዚያን ቀን ማሽኑ ያለ አንሶላ ወረደ። ትንሿ የሙከራ ገጽ አተመችበትና ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አቀናችው። ከግማሽ በላይ ባዶ ነው።

«ይሄንንም ገደልሽው?» አለች። እዚህ ላይ ግን አልቻለችም፤ ሳቋ አመለጣት። መቀስም እያለቀሰች ሳቀች።

ዕርቁ እንዲያ በቀላሉ አላለቀም። ትንሿ ሁለቱንም ማሽኖች እሷ ዘንድ አቆየቻቸው። መቀስ ማተም በፈለገች ቁጥር ምድር ቤት ወርዳ በር ማንኳኳት ነበረባት፤ ይሄ ደግሞ ለእሷ ዓይነቷ ከቅጣት በላይ ነው። ተቀምጣ ስትጠብቅ ግን ዓይኗ ሥራ አልፈታም። ትንሿ ፓተርን ስታትም የቁጠባውን ምርጫ ትመርጣለች፤ መስመሩ ፈዘዝ ቢልም ለመቁረጥ ይበቃል፣ ቀለምም አይበላም። ደማቁን ለደንበኛ ለሚታይ ፎቶ ታስቀረዋለች። ታንኩ ላይ ካለው የታችኛው ምልክት ሳይወርድ ቀለም ትጨምራለች። የምትጨምረውም ለዚያው ማሽን የተሠራውን ነው፤ ባለ ሱቁ «ይሄም ያው ነው፣ ይረክሳል» ሲላት እሺ አትልም። ሥራ በሌለበት ሳምንት እንኳ አንዲት ባለ ቀለም ገጽ ሳታወጣ አታልፍም።

«ለባዶ ወረቀት?» አለች መቀስ አንድ ቀን፣ አላስችል ብሏት።

«አንቺ በማጽዳት የምታፈሺው ከዚህ አይበልጥም?»

መቀስ አሰበችበት። ይበልጣል። በጣም ይበልጣል። እውነት መሆኑ የበለጠ አናደዳት።

የገደለችው ማሽን ሲድን ትንሿ የትኛውን እንደምትወስድ ጠየቀቻት። መቀስ ዘለግ ላለ ጊዜ ሁለቱን አየች፤ ከዚያ «አንቺ ስጪኝ» አለች። የተሰጣትን ይዛ ወጣች። በመስኮቱ ሥር ፋንታ ቁም ሣጥኑ አጠገብ፣ ጥላ ባለበት አስቀመጠችው፤ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ልብስ ሰፋችለት። በሳምንት አንዴ ገጿን ታትማለች። አንዳንዴ ገጿን ይዛ ትወርድና ከትንሿ ገጽ አጠገብ ታስቀምጠዋለች። «የእኔ ቀይ አይደምቅም?» ትላለች። ትንሿም «ይደምቃል እትዬ» ትላታለች። አይደምቅም፤ እኩል ነው።

ቅናቷ ለቀቃት ለማለት ይከብዳል። በቅርቡ ትንሿ የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝም አዲስ መኪና ገዛች። ሹፌሩ ወሬውን ይዞ ወደ ላይ ሲወጣ ሳህኖቹ እንደገና መንኳኳት ጀመሩ። ከዚያ ቆሙ። መቀስ እጇን አደራርቃ፣ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወረደች። መኪናውን ዞር ዞር ብላ አየችው፤ «ያምራል» ለማለት ጥርሷን ነክሳ ታገለች፤ አለችውም።

«ዘይቱን በየስንት ጊዜው ነው የምታጠጪው?» ስትል ጠየቀች፤ ወንበሩንም ወደ መኪናው አስጠጋች።