የሹፌሩ ማጅራት

ሹፌሩ ከመሪ ጀርባ በኖረባቸው ዓመታት ሁሉ ከኋላው የሚሆነውን ነገር ከፊቱ ከሚሆነው እኩል ያውቅ ነበር። ሁለት የጎን መስታወት አለው፣ ከግንባሩ በላይ ደግሞ አንድ የውስጥ መስታወት። በር ላይ የሚንጠለጠል ጎረምሳ አያመልጠውም፣ ወንበር ላይ እግሩን የሚሰቅልም አያመልጠውም። ያን ሁሉ መስታወት ይዞ ማየት ያልቻለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የገዛ ማጅራቱን።

ማጅራቱን የምታይለት ሚስቱ ነበረች። ሽበት የወረረው ገና በጎልማሳነቱ ነው። መጀመሪያ እንደ ጓደኞቹ የሱቅ ቀለም ተቀባና ፊቱ አብጦ ዓይኑ ጠፋ፤ እስኪሻለው ድረስ አውቶቡሱን ሌላ ሰው ነዳው። ሚስቱ ያኔ «ከእንግዲህ ራስህ የኔ ነው» አለችው። የቅጠል ቀለም የሚያውቁ ሴቶችን ጠይቃ፣ አበላሽታ፣ ደግማ ሞክራ መላውን አገኘችው። ሂናውን በወፍራም ሻይና በሎሚ ጭማቂ ለውሳ ታሳድረዋለች። በማግስቱ ትቀባውና በፕላስቲክ ትጠቀልለዋለች። ሲታጠብ ሽበቱ ካሮት መስሎ ይቀላል። በዚያ ላይ ኢንዲጎ የሚባለውን የቅጠል ዱቄት ለብ ባለ ውሃ በጥብጣ ትደግምበታለች፤ ያኔ ነው የሚጠቁረው። ሂና ታጋሽ ነው፣ ለውሰው ቢያስቀምጡት ይጠብቃል። ኢንዲጎ ግን ከተበጠበጠ ወዲያው ካልተቀባ የተደከመበት ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። ጓንት አልወድም ስለምትል ጣቶቿ ዓመቱን ሙሉ ብርቱካንማ ነበሩ።

እሱ ታዲያ ያመሰግን ይመስላችኋል? ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል ተደርጎለት «አንገቴ ደነዘዘ፣ ጆሮዬ ውስጥ አስገባሽው፣ ዜናው አመለጠኝ» እያለ ነው የኖረው። እሷም ራሱን በሁለት ጣቷ ገፋ አድርጋ ታስጎነብሰውና «ዝም በል። ጡረታ የምትወጣው በዚህ ራስ ነው» ትለዋለች።

ጡረታው ሳይደርስ እሷ ታመመች። ልጃቸው ሚስቱን ይዞ ሊያስታምም መጣ፣ በዚያው ቀሩ። እናትየው ምራቷን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ «ልጄ» ነበር የምትላት። ሹፌሩ ግን ለሰው ሲያስተዋውቃት «የልጄ ሚስት» ይላል። ክፋት ኖሮበት አይደለም። እሷ «አባባ፣ ምሳ ቀርቧል» ትለዋለች፣ እሱ «እሺ፣ ተባረኪ» ይላታል፣ ከዚያ ያለፈ ወሬ አልነበራቸውም።

ሚስቱ ካረፈች በኋላ ብዙ ነገር አስጠላው። ሬዲዮውን ዘጋው፣ ከሥራ መልስ ከጓደኞቹ ጋር መቀመጡንም ተወው። ራሱን መቀባት ግን አልተወም። እሷ በሰጠችው ራስ ጡረታ ሊወጣ፣ አንዲት ሽበት ሳያሳይ ከአውቶቡሱ ሊወርድ ቆርጦ ተነስቷል። መታጠቢያ ቤት ይገባና በሩን ይቆልፋል። እሷ እንደምታደርገው ይለውሳል፣ ይቀባል፣ ይጠቀልላል። አድሮ ሲነጋ መስታወት ፊት ይቆማል። ግንባሩ አምሯል፣ በጆሮው ዙሪያም አምሯል። «አላሳፈርኩሽም» ይላል ለብቻው፣ ረክቶ ይወጣል።

የመጨረሻው የሥራ ቀኑ ዋዜማ፣ አብራው የምትሠራው ትኬት ቆራጭ ለማስታወሻ ብላ ያነሳችውን ፎቶ በስልኳ አሳየችው። ከኋለኛው በር ቆማ ነው ያነሳችው። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከፊት ለፊት ማጅራቱ ጥጥ የመሰለ ሰው መሪ ይዟል።

«ይሄ ሽማግሌ ማነው?» አለ ሹፌሩ። «አውቶቡሴን ማን ሰጠው?»

ትኬት ቆራጯ ስልኳን አየች፣ እሱን አየች፣ ከንፈሯን ነከሰች። «ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት እኮ።»

ሹፌሩ እጁን ወደ ማጅራቱ ሰደደ። እጅ ደግሞ ቀለም አይለይም። «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆንኩት?»

«ባለቤትዎ ካረፉ ወዲህ። እንንገራቸው ተባብለን ነበር፤ ግን ማን አፍ አውጥቶ ይናገር?»

ያን ቀን በተሳፋሪነት ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ከፊት ባዶ ወንበር እያለ ሄዶ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ከኋላው ሰው እንዳይኖር ነው። ያሳፈረው የራሱ ሽበት አልነበረም፤ ይህን ሁሉ ጊዜ የሷን ሥራ አበላሽቶ በአደባባይ ሲያዞር መክረሙ ነው ያንገበገበው።

ቤት ሲደርስ ምራቱን ኩሽና ውስጥ አገኛት። ሰላም እንኳ ሳይላት ጀርባውን አዞረላት።

«አይተሻል?»

«አይቻለሁ አባባ።»

«ታዲያ አፍ የለሽም?»

ፍሪዘሩን ከፍታ በትንሽ ፕላስቲክ የታሰረ፣ የደረቀ ጭቃ የመሰለ ነገር አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ሂና ነው» አለች። «እርስዎ በለወሱ ቁጥር እኔም ትንሽ እለውሳለሁ። ይጠሩኛል ብዬ። ሳይጠሩኝ ሲቀሩ እዚህ አስቀምጠዋለሁ፤ እማማ ናቸው ያስተማሩኝ።»

«እሷ? መቼ?»

«ሊያርፉ ሰሞን። ‹ፊት ፊቱን ራሱ ይወጣዋል። ማጅራቱ ላይ ግን እጁም ዓይኑም አይደርስም፤ አንቺ ጨርሺለት› አሉኝ። እሺ አልኳቸው። እርስዎ ግን በሩን ይቆልፋሉ። ቃሌን በልቼ የቀረሁ ይመስለኝ ነበር።»

ያ ሁሉ ቁጣ የት እንደገባ እንጃ። ሹፌሩ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ፣ ፎጣውን ራሱ ትከሻው ላይ ጣል አደረገ፣ ማንም ሳይገፋው አጎነበሰ።

ሂናው ከነፕላስቲኩ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እስኪቀልጥ ጠበቁ። ምራቱ መጀመሪያ የአማቷን ራስ መንካት ፈርታ በጣቷ ጫፍ ብቻ ትቀባ ነበር። በኋላ እጇ ተፍታታ፤ ቀጥ ሲልባት በሁለት ጣቷ ገፋ አደረገችው። ልክ እንደዚያ። ሹፌሩ አንገቴ ደነዘዘ ሊል አፉን ከፈተና ተወው።

«አመሰግናለሁ» አለ ወደ መሬት እንዳቀረቀረ። «ለሁለታችሁም።»

ሂናው ታጥቦ ኢንዲጎው ከተደገመ በኋላ ምራቱ መታጠቢያ ቤቱ መስታወት ፊት አቁማው ትንሽ መስታወት ከኋላው ያዘችለት። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማጅራቱን በመስታወት አየ። አረንጓዴ ነው።

«ምነው፣ ጎመን አደረግሽኝ?»

«እስኪነጋ ይጠቁራል አባባ። እማማ ሲቀቡዎትም እንዲሁ ነበር። እርስዎ ሳይነጋ ስለማያዩት ነው።»

ነጋ፤ ጠቆረ። በመጨረሻው ጉዞ ልጁና ምራቱ ተሳፍረው መሃል ላይ ተቀመጡ። ሁልጊዜ ከሹፌሩ ጀርባ ካለው ወንበር የማትጠፋ አንዲት ጡረተኛ አዋላጅ መውረጃዋ ሲደርስ ወደ በሩ አልሄደችም፤ ወደ እሱ ጠጋ አለች።

«ባለቤትህ ስታርፍ እዚህ ተቀምጬ አውቄ ነበር» አለችው። «ማንም አልነገረኝም። ማጅራትህን አየሁት፣ ገባኝ። ምስኪን፣ ብቻውን ቀረ እያልኩ ሳዝንልህ ከረምኩ። ዛሬ ግን ሰው አለህ። ማን ናት?»

ሹፌሩ ቀና ብሎ በውስጥ መስታወቱ ወደ መሃል ተመለከተ።

«ልጄ ናት» አለ።

ምራቱ ብርቱካንማ ጣቶቿን አፏ ላይ አድርጋ ወደ መስኮቱ ዞረች።