በዝግ ቤት የሳልኩበት ሐምሌ

ጅቡቲ ሰው ቤት ተቀጥሬ መሥራት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ሐምሌ እንደገባ አሠሪዎቼ ልጆቻቸውን ይዘው ለሁለት ወር ፈረንሳይ ሄዱ። እኛ አገር፣ ኮምቦልቻ፣ ሐምሌ የዝናብና የጭቃ ወር ነው። እዚህ ግን ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ የበረሃውን አቧራ ጠርጎ ያመጣል። አቅም ያለው ሁሉ ከተማውን ጥሎ ይወጣል። እኔ ቤት ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ።

ማዳም ከመሄዷ በፊት ክፍል ለክፍል እያዞረች አዘዘችኝ። የምንግባባው በእኔ የተሰባበረ ሶማሊኛ ነበር።

“መስኮት እንዳትከፍቺ። አቧራው ሶፋውን ይጨርሰዋል።”

“እሺ ማዳም።”

“ክሊሙን የሳሎኑን ብቻ፣ በቀን አንድ ሰዓት። ከዚያ አጥፊው።”

ክሊም የሚሉት አየር ማቀዝቀዣውን ነው። የእኔ ክፍል ክሊምም መስኮትም የላትም። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ናት፤ በአንድ ጎኗ የመታጠቢያ ቤቱን ግድግዳ ትጋራለች። አልጋዬና የቤቱን ትርፍ ብርድ ልብስ የያዘ አሮጌ ቁምሳጥን ከገቡባት በኋላ መቆሚያ እንኳ አይተርፍም።

የመጀመሪያውን ሳምንት ደስ ብሎኝ ነበር፤ ተኛሁ፣ ፀጉሬን ተሠራሁ። በሁለተኛው ሳምንት ዝምታው ከበደኝ። የማይበላበትን ጠረጴዛ እወለውላለሁ፣ ማንም ያልተኛበትን አልጋ አነጥፋለሁ። ዳቦ ልገዛ ስወጣ ከባለሱቁ ጋር የምለዋወጣት ሁለት ቃል የቀኑ ወሬዬ ነበረች።

ሳሉ የጀመረኝ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ደረቅ ሳል። ጠዋት ስነሳ ደረቴ ውስጥ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ይሰማኛል። የማውቃት አንዲት ልጅ ስለሳለች ብቻ ‘ቲቢ ይዟታል’ ተብላ በሦስት ቀን ውስጥ ወደ አገሯ ተሸኝታለች። ስለዚህ ለማንም አልነገርኩም። ማዳም ዓርብ ዓርብ ትደውላለች።

“ፍሪዘሩ ይሠራል?”

“ይሠራል።”

“አበባዎቹስ?”

“አጠጣቸዋለሁ።”

ሳሉ ሲመጣብኝ ስልኩን አርቄ ትራስ ውስጥ እስላለሁ። እንዴት ነሽ ብላ አልጠየቀችኝም። እውነቱን ለመናገር እኔም ብትጠይቀኝ አልነግራትም ነበር። እናቴንም ደህና ነኝ እላታለሁ። መጠጫዬን ከቤቱ ብርጭቆዎች ለይቼ ለብቻው ማስቀመጥ ጀመርኩ። ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም፤ ግን ለየሁት።

አንድ ጠዋት የመጠጥ ውሃ ገዝቼ ስመለስ ደረጃው መሃል ላይ ትንፋሽ አጠረኝና ተቀመጥኩ። መነሳት ስችል ውሃውን አስገብቼ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

ሐኪሙ የጅቡቲ ሰው ነው፤ አዲስ አበባ ተምሮ ስለነበር በአማርኛ አናገረኝ። አፌን ስከፍት ድምፄ ተዘጋብኝ።

“ድምፅሽ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?” አለኝ።

ከሳሉ ይሁን ሰው ካለማናገር ለራሴም አልገባኝም። “እንጃ” አልኩት።

ደረቴን አዳመጠ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ይጠይቀኝ ጀመር። “የምትተኚበት ክፍል መስኮት አለው?”

“የለውም።”

“ግድግዳው ይረጥባል?”

“አላየሁም።”

“ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?”

“ከማንም።” ይህችን ስመልስ እንባዬ መጣ። ሐኪሙ መሀረብ ሰጠኝና እስክጨርስ ጠበቀኝ። አክታዬን ለምርመራ ተቀብሎ “ከሦስት ቀን በኋላ ነይ” አለኝ።

ሦስቱን ቀን ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ጠበቅኩ። በቀጠሮዬ ስሄድ ወረቀቱን እያየ ፈገግ አለ።

“ቲቢ የለብሽም እህቴ፤ ደረትሽን የዘጋው የቤቱ እርጥበት ይመስለኛል። የሚነፋ መድኃኒት እሰጥሻለሁ። ግን ቤቱን ካላየሽው መድኃኒቱ ብቻውን አያድንሽም። ዕቃውን ከግድግዳው አንሽና ኋላውን እዪ።”

እንደገባሁ ቁምሳጥኑን በጀርባዬ ገፋሁት። ከኋላው ግድግዳው ከወለሉ እስከ ወገቤ ድረስ ጠቁሯል፤ ሻጋታ ነው። ከመታጠቢያ ቤቱ የሚመጣው ቧንቧ ውሃ ያንጠባጥባል። ብርድ ልብሶቹም ሸተዋል። ራሴን ከዚያ ግድግዳ አንድ ክንድ አርቄ ነበር ስተኛ የከረምኩት።

ሐኪሙ እንዳለኝ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ በደረቁ ሳልጠርግ፣ በሳሙና ውሃ በተነከረ ጨርቅ አጠብኩት። ‘በረኪና ከሌላ ነገር ጋር እንዳትደባልቂ’ ስላለኝ በረኪናውን ጨርሶ አልነካሁትም። የክሊሙን ማጣሪያ ባወጣው እንደ በግ ፀጉር ያለ አቧራ ለብሷል፤ እሱንም አጠብኩ። የቧንቧውን ቁልፍ ዘጋሁ። ከዚያ የሳሎኑን መስኮቶች በሁለቱም ወገን ከፈትኩና ፍራሼን መሃል ላይ አነጠፍኩ።

በማግስቱ ጠዋት መስኮት ስከፍት ከማዶው በረንዳ አንዲት ሶማሊ እናት ጮኹብኝ። “ሰው አለ እንዴ እዚያ ቤት?”

“አለሁ፣ ኤዶ።” ኤዶ ማለት አክስት ነው።

“ሳል እሰማለሁ እኮ! ከላይ ያለው ሽማግሌ መስሎኝ ነበር።”

ወር ሙሉ ሳሌ ተሰምቷል፤ እኔ መኖሬን ግን ያወቀ የለም። እጄን አውለበለብኩላቸውና ወደ ውስጥ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ነፋሱ እረፍት ባደረገ ቁጥር ማለዳና ማምሻውን እከፍታለሁ፣ እሳቸውም እጃቸውን ያነሱልኛል። ከሰላምታ የሚያልፍ ወሬ ግን አልነበረንም።

ሳሉ ቀስ እያለ ለቀቀኝ።

ማዳም ስትመለስ ጣቷን በሶፋው ላይ አሳለፈችና አየችው። “መስኮት አትክፈቺ አላልኩሽም?”

እጇን ይዤ ወደ ክፍሌ ወሰድኳት። እጇን ስይዝ የመጀመሪያዬ ነበር። አጥቤው ግድግዳው ላይ የቀረውን ጥቁር ምልክት ጎንበስ ብላ አየችው።

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“ታባርሪኛለሽ ብዬ ፈራሁ።”

ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ ግን በዚያው ሳምንት የቧንቧ ሠራተኛ ጠራች፣ ግድግዳውንም አስበስታ አየር የሚያስወጣ ማራገቢያ አስገባችልኝ። ስለ መስኮቱ ዳግመኛ አልተናገረችም።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ተኩል ሠርቼ ወጣሁ። አሁን ካርቲየ 4 የሚባል ሰፈር ውስጥ የምግብ ቤት አብሳይ ነኝ፣ የምኖረውም ከሁለት ሴቶች ጋር በኪራይ ክፍል ነው። ምድጃው ጋ ጢስና ዘይት ያፍናል፣ ሐኪሙ ቢያየኝ ይቆጣኛል። የምግብ ቤቱን ባለቤት ለምኜ የጓሮውን በር ቀኑን ሙሉ ክፍት አስደርጌያለሁ። ሰው በሰው ላይ ሲጮህ፣ ሰሃን ሲንኳኳ እውላለሁ። ማታ ጓደኞቼ ሲያወሩ አንዳንዴ ዝም ብዬ አዳምጣቸዋለሁ። “ምነው ዝም አልሽ?” ይሉኛል። መናገሩ አሁንም ቶሎ አይመጣልኝም።