ቀጭ የምትለዋ ቴስቲና

መሳቢያዬ ውስጥ ያለችውን ብረት በነካሁ ቁጥር ጣቴ ላይ የአሮጌ ግራሶ ሽታ ይቀራል። ቴስቲና ናት፤ የፊት ጎማን ከመኪናው ክንድ ጋር የምታያይዝ፣ ኳሷ በጎድጓዳ ቤቷ ውስጥ የምትዞር።

መቐለ፣ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ቤት ተከራይተን የምንማር አራት ሴቶች አንዲት ትንሽ የእሽቅድምድም መኪና ሠርተን ነበር። የፊቱን ቴስቲና መምረጥ ለእኔ ደረሰኝ። ኩርባ ላይ ብትነቀል ጎማው ይታጠፋል፤ መሪውን የምትይዘው ደግሞ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የምትኖረው ጓደኛዬ ናት። እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነበር።

ከወሎ መጥተው እዚያው የከተሙ አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ ሄድኩ። የቆርቆሮው ጣሪያ በፀሐይ ይንጣጣ ነበር። ቴስቲናዎቹን ጆንያ ላይ ዘረገፉልኝ። መማሬን ላሳይ ብዬ፣ አትሳቁብኝ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አዟዟርኩና ቅልል ብላ የዞረችውን አነሳሁ።

«ኣቦይ፣ ይህቺ ትሻላለች። እንደ ቅቤ ነው የምትዞረው።»

«ወላሂ፣ ያረጀችዋን ለቅመሽ አወጣሽ!» ብለው ሳቁ። «ማን ነው የሚነዳው?»

«ጓደኛዬ።»

«ማን ትባላለች?»

ነገርኳቸው። የሚነዳውን ሰው ስም ሳይሰሙ ቴስቲና አይሸጡም ነበር። ሳቃቸውን ትተው የመረጥኳትን ቴስቲና ዘንግ ከጆሮዬ ጀርባ ካለው አጥንት ላይ አስደገፉና ቤቷን ወዘወዙት። ቀጭ! ድምፁ የመጣው ከራሴ ቅል ውስጥ ነበር። ቀጥለው ሳዞራት እጄን እስኪያመኝ የታገለችኝን ግትሯን አስደገፉ። ዝም አለች። ቅልል ያለችኝ ስለላላች ነበር። አፈርኩ፤ ከሐፍረቴ ይልቅ ግን መገረሜ በለጠና ጆንያው ላይ ያሉትን በሙሉ እያነሳሁ አዳመጥኩ። ዝም የሚሉትን መረጥን። የላላችዋን «ለጆሮሽ ማስተማሪያ ትሁንሽ» ብለው ሰጡኝ።

በውድድሩ ቀን ነጋዴው ንጹሕ ኮት ለብሰው መጡ። ሰው ሁሉ ነጂዋን ሲያይ እሳቸው የፊት ጎማዎቹን ብቻ ያዩ ነበር። መኪናዋ እንደቆመች በርከክ ብለው ጎማውን ነቀነቁት።

«አብሽሪ፣ ዝም ብላለች» አሉኝ።

እኛ ጓደኛችንን ተሸክመን ስንጨፍር ሄደው ኖሯል።

ከዓመታት በኋላ ላመሰግናቸው ብመለስ ሱቃቸው ሞባይል ይሸጥበታል። እዚህ የነበሩት የወሎ ሰውዬ የት እንደገቡ ሻጩን ጠየቅኩት።

«ስማቸው ማን ነው?» አለኝ።

እሳቸው የጓደኛዬን ስም ጠይቀው ነበር። እኔ የእሳቸውን አልጠየቅኩም።